የቪትዟ ደብተር፦ የ2017 አልበሞቼና ዘፈኖቼ

ስልኬ ላይ ያለው የሙዚቃ መተግበሪያ በየታኅሣሡ «የዓመቱ ምርጦችህ» እያለ በቀለም ያሸበረቀ ነገር ይልክልኛል። ለኔ ዓመቱ ገና አራተኛ ወሩ ላይ ነው። የኔ ዓመት የሚዘጋው ጳጉሜን ላይ ነው። ደግሞ መተግበሪያው ስንቴ እንዳጫወትኩ እንጂ ወድጄ ይሁን ተገድጄ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከጀሞ ቦሌ የማደርሳት ደንበኛ አለችኝ። ከአንድ ዘፈን በቀር ሌላ አትሰማም። ታዲያ አንድ ዓመት «ያንተ የዓመቱ ዘፈን» ተብሎ የመጣልኝ የሷ ዘፈን ሆኖ አረፈው። እኔ እንኳን ልወደው፣ ገና ሲጀምር ጥርሴን ነው የማፋጨው።

ስለዚህ በ2017 መስከረም የራሴን ደብተር ጀመርኩ። እንዴት እንደያዝኩትና ማን ማን እንደገባበት ልንገራችሁ። የራሱን የዓመት ዝርዝር ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ሳይጠቅም አይቀርም።

ራይድ ነው የምሠራው። መኪናዬ የድሮ ቪትዝ ናት። በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እሷ ውስጥ ነኝ፤ ሙዚቃ ባይኖር ኖሮ የቀለበት መንገድ መጨናነቅ ብቻውን ያሳብደኝ ነበር። ቪትዝ የያዘ ሰው ችግሬን ያውቀዋል። መኪናዋ ለጃፓን ተብላ ስለተሠራች ሬዲዮኗ ከ76 እስከ 90 ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው። የኛዎቹ ደግሞ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ናቸው። ጣቢያውን ዝቅ አድርጋ የምታመጣ ትንሽ ዕቃ አስገጠምኩ። ሁለት ወር ሠርታ ሞተች። ከዚያ በኋላ ኑሮዬ በፍላሽ ሆነ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተትም እዚሁ ፍላሽ ላይ ነው። አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቼ «የድሮ ዘፈን ሙላልኝ» አልኩት ልጁን። ሞላልኝ፤ 400 ዘፈን። ግማሹ ስሙ «ትራክ 07»፣ «ትራክ 14» ነው። ስም ያለው ደግሞ ስሙ የሌላ ሰው ነው። እኔ ይሄን አላወቅኩም።

አንድ ቀን ከፒያሳ አንድ አባት ጫንኩ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። «ሙዚቃዊ ስልት» እየተጫወተ ነበር። አዋቂ መምሰል ፈለግኩና «ሙላቱ አስታጥቄ ነው አባባ፤ ይመችዎታል?» አልኳቸው። ፍላሹ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ዝም አሉ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ያኔ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጄ፣ ይሄ ዋልያስ ባንድ ነው። ዜማው የግርማ በየነ ነው። ኦርጋኑን የሚጫወተው ሀይሉ መርጊያ ነው። ሂልተን ማታ ማታ ይጫወቱ ነበር» አሉኝ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ባርኔጣ እየመታ ነበር። ምቱን አንዴም አልሳቱትም። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ዘፈኑን ከመምረጣችሁ በፊት የማን እንደሆነ እወቁ። የኛ አልበሞች ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እየተባለ ለየብቻው ይጻፋል። የድሮ ካሴት ሽፋን እጃችሁ ካለ እዩት። እኛ ግን ዘፋኙን ብቻ ይዘን እንሄዳለን። ደብተሬ ላይ ያሰመርኩት አራት ረድፍ ነው፦ ቀኑ፣ ዘፈኑ፣ የእነማን እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር አስተያየት። አስተያየቱ ከአንድ መስመር እንዳይበልጥ። እኔ ሲበልጥብኝ ልብ ወለድ መጻፍ እጀምራለሁ።

የሦስተኛው ረድፍ ጥቅም የገባኝ ኤልያስ መልካ ጋ ስደርስ ነው። የኢዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» በጣም እሰማለሁ። ኢዮብ በነሐሴ 2005 ናይሮቢ ለሕክምና ሄዶ እዚያው ነው ያረፈው፤ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበምም እሰማለሁ። ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው አስቤ አላውቅም። ደብተሩ ላይ ቅንብር የሚለው ቦታ ስሞላ ግን አንድ ስም እየተደጋገመ መጣ፤ ኤልያስ። ከዚያ ወዲያ ባሱን ለብቻው ማዳመጥ ጀመርኩ። ድምፃዊው ዝም ሲል ምን እንደሚሆን መጠበቅ ጀመርኩ። ኤልያስ በመስከረም 2012 ካረፈ ወዲህ እንኳ አንድ ሁለት ጊዜ «ይሄን ማን አቀናበረው?» ብዬ ሳጣራ እሱው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዘፋኝ እየተከተሉ መስማትና አቀናባሪ እየተከተሉ መስማት ለየቅል ናቸው። አንድ ወር ብቻ ሞክሩት።

ከዚያ ሀይሉ መርጊያን ማሳደድ ያዝኩ። የአባባን ነገር ልክስ ብዬ ነው የጀመርኩት። ኋላ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ኮንሰርት ሊያሳዩ አሜሪካ ሄዱ። አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ ሀይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ለብቻው አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ሥራው ምን ሆነ መሰላችሁ? ታክሲ። ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከኋላ ከዕቃ መጫኛው ኪቦርዱን ያወጣና መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ መልሶ ይጭነዋል። ለዓመታት እንዲህ ኖረ። በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985 ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ሀይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

ይሄን ያወቅኩት ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ከፊቴ ስንት መኪና እንዳለ መቁጠር ትቻለሁ። ስልኬ ላይ ታሪኩን አነበብኩና አልበሙን ከፈትኩት። ስድስት ሥራ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው «ትዝታ» ነው፤ አሥር ደቂቃ ያልፋል። ከበሮና ባስ የያዙት ሁለት ፈረንጆች ናቸው። አካሄዱን ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ ማንም የሚቸኩል የለም። ሀይሉ አንዷን ሐረግ ያነሳታል፣ ይተዋታል፣ ተመልሶ ያነሳታል። እንደ ሽማግሌ ወሬ ነው፤ «ምን ልልህ ነበር?» ብሎ የሚያቆም ዓይነት። ከዚያ ምቱ ሲገባ ወገቤ ሳላዘው ተንቀሳቀሰ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጡሩምባ ነፋ። ሰልፉ ሁለት መኪና ቀድሞኝ ሄዷል ለካ።

ያ አልበም ከኅዳር እስከ ሰኔ ከመኪናዬ አልወጣም። «አንቺሆዬ ለኔ» የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ናቸው። ደብተሬን ሳገላብጥ ግን የጻፍኳቸው አብዛኞቹ ትዝታ ናቸው። ለካ ሳላውቀው አንድ ስሜት ውስጥ ተዘፍቄ ነው የከረምኩት። ስለዚህ የካቲትን ሙሉ አንቺሆዬና ባቲ ብቻ ፈልጌ ሰማሁ። ቅኝት መለየት ለማይችል ሰው ዘዴው ቀላል ነው። አንድ በስሙ የሚታወቅ ሥራ ያዙ፤ ለምሳሌ ይሄንኑ «አንቺሆዬ ለኔ»። አፋችሁ ላይ እስኪገባ አንጎራጉሩት። ከዚያ ሌላ ዘፈን ሲመጣ አፋችሁ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ አሁንም ባቲ ላይ እሳሳታለሁ።

የአልበሙ መጨረሻ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይባላል። ፒያኖ ብቻ ነው። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ማታ የመጨረሻውን ሰው አድርሳችሁ ስትመለሱ ስሙት።

አሁን ምርጥ ዘፈን ወደምለይበት ምልክቴ ልምጣ። ጥር 2017 ላይ ማህሙድ አህመድ ሚሊኒየም አዳራሽ የመሰናበቻ ኮንሰርቱን አደረገ። እኔ አልገባሁም። ያን ሰሞን ሰው ሲጓጓዝ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የተሳፋሪው ሁሉ ወሬ ማህሙድ ነበር። እኔም «ኧረ መላ መላ»ን ከፍቼ ዋልኩ። ያ አልበም እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ ነው። ማህሙድ ልጅ ሆኖ ሊስትሮ ነበር። አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ አንድ ማታ ዘፋኙ ቀረና እሱ ወጣ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ አንድ ጎልማሳ ሲኤምሲ አደረስኩ። ሂሳቡን ከፈለ። ቦርሳውን አነሳ። የበሩን መክፈቻ ያዘ። አልከፈተውም። ዘፈኑ እየሄደ ነው። እኔም ዝም አልኩ። እጁ በሩ ላይ እንደሆነ ጨረሰ። ከዚያ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ብሎ ወረደ። ስለ ዘፈኑ ቃል አልተናገረም።

ደብተሬ ላይ «አልወረደም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቁ ምልክቴ ይሄ ሆነ። ሰው «አሪፍ ነው» ይላል፤ «ደስ ሲል» ይላል፤ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚቸኩል ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዘፈን ካስጨረሰ ግን በቃ። በዓመቱ ውስጥ ስድስት «አልወረደም» አገኘሁ። ሦስቱ የማህሙድ ናቸው። ሹፌር ላልሆናችሁም የራሳችሁን ምልክት አታጡም። ሳህን እያጠቡ ቧንቧውን ያዘጋ ዘፈን፣ ልብስ እየተኮሱ ካውያውን ያስቀመጠ ዘፈን። ብቻ ምልክቱ የእጅና የእግር ይሁን፤ አፍ ይዋሻል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገር ተለወጠ። 55 ቀን ሙሉ ብዙ ተሳፋሪ ዘፈን አይፈልግም። «ወንድሜ፣ መዝሙር የለህም?» ይሉሃል፤ ወይም «ዝጋው» ይሉሃል። እኔም አልጨነቅም። የዓለሙ አጋን በገና እከፍታለሁ። አሥር አውታር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ፤ መኪናዋ ራሷ የምታንጎራጉር ይመስላል። መጀመሪያ ለተሳፋሪ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ፋሲካ አልፎም አልተውኩትም። በገና በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰማም፤ ታችኛው ድምፅ ይጠፋል። ጆሮ ማዳመጫ ወይ የመኪና ስፒከር ያስፈልገዋል። በስልክ ሰምታችሁ «ሰለቸኝ» ካላችሁ በገናን አልሰማችሁትም ማለት ነው።

በዚያው ጾም አንዲት እናት ከሽሮ ሜዳ ጫንኩ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለቅሶ ነው የሚሄዱት። እጄ ቶሎ ወደ ማጥፊያው ሄደ። እየተጫወተ የነበረው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። «ተወው» አሉኝ። ተውኩት። እስከ ጉለሌ ቃል አልተነጋገርንም። እማሆይ ኢየሩሳሌም ውስጥ በገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው ያረፉ መነኩሲት ናቸው። ፒያኗቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው ስትሉት የፈረንጅ ክላሲክ ይሆናል፤ ክላሲክ ነው ስትሉት ደግሞ ወደ ትዝታ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ 21ኛው ሆኖ የወጣው ስብስብ ለጀማሪ ይበቃል። ደብተሬ ላይ በዚያ ቀን አስተያየት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ባዶ መተውም ይቻላል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ግርማ በየነ ከረጅም የአሜሪካ ስደት በኋላ ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ጋር በ2017 (እ.ኤ.አ.) የሠራው አልበም ገብቷል፤ ይሄ የአባባ ዕዳ ነው። ድምፁ አርጅቷል፣ እሱም አልደበቀውም፤ የወደድኩለትም ለዚያ ነው። አስቴር አወቀ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው በስሟ የተጠራው አልበም ዘንድሮም ገብቷል፣ ከርሞም ይገባል፤ ክርክር አልፈልግም። ሮፍናንን ያስገባሁት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግፊት ነው። «ነጸብራቅ»ን ስልኩን አገናኝቶ ከፈተልኝ። «ይሄ የዲጄ ጩኸት ነው» ብዬ ነበር ስንት ዓመት የተውኩት። ልጁ «ጋሼ፣ ከበሮውን ብቻ ስማ» አለኝ። «ጋሼ» መባሌ ከዘፈኑ በላይ ደነገጥኩበት። ከበሮውን ግን ሰማሁት፤ ልክ ነው።

ቴዲ አፍሮ የለም። ስለማልወደው አይደለም። «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጥቷል፤ የኔ የሰላሳ ብር ደብተር ምን ይጨምርለታል?

እንግዲህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ አለቀ ብዬ ነበር። አልበም «ላላ በሉ»፣ ዘፈን «ኧረ መላ መላ»። ደብተሩን ዘግቼ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ጳጉሜን 4 ቀን ግድቡ ተመረቀ። ከተማው በአንድ ጊዜ አባይ በአባይ ሆነ። ሱቁ፣ ሚኒባሱ፣ ጀበና ቡናው ሁሉ የጂጂን «አባይ» ከፍቷል። ተሳፋሪ ሁሉ እሱን ነው የሚለምነኝ። በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ሳላጫውተው አልቀረሁም። ተቸገርኩ። እንዲህ ያለ ሞቅታ በዓመት ዝርዝር ውስጥ ይቆጠራል? መተግበሪያው ቢሆን ያለ ጥርጥር ይቆጥረዋል። እኔ ደግሞ ደብተር የጀመርኩት ከዚህ ዓይነት ነገር ለመሸሽ ነው። በሦስት ቀን ግርግር የገባ ዘፈን፣ ያቺ የጀሞዋ ደንበኛዬ ካስገባችው በምን ይለያል?

ማታ ቤት ገብቼ ደብተሩን ከፊት ጀምሮ ገለጥኩት። ኅዳር ላይ «አባይ» አለ። የካቲት ላይ አለ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በሚጥልበት ሳምንት፣ ሁለት ጊዜ አለ። ረስቼዋለሁ። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው «ጂጂ» በተሰኘው አልበም ውስጥ ነው ያለው፤ ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው፣ የጃዞቹ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር የገቡበት። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ስም ያስቀረሁት አንዲት የቻግኒ ልጅ ወንዙን እንደ ቆንጆ ሰው እያሞገሰች ስታዜም ነው። በሰው መሀል ሲከፈት መፈክር ይመስላል። ለብቻ ሲሰማ ግን የሚያቀርበው ናፍቆት ነው።

የሐምሌውን መስመር ልቅዳላችሁ፤ የጻፍኩት እንዳለ ይሄ ነው፦ «ሐምሌ 19። አባይ። ጂጂ። ማታ 4 ሰዓት፣ በሬ ላይ ደርሻለሁ፣ ዝናብ። አልወረድኩም።»

«ኧረ መላ መላ»ን ወደ ሁለተኛ አወረድኩት። ሦስቱ የማህሙድ ተሳፋሪዎች ይቅር ይበሉኝ።

አንድ የማስጠንቅቃችሁ ነገር ቢኖር በትውስታ ብቻ ዝርዝር እንዳታወጡ ነው። ደብተር ከመያዜ በፊት እንደዚያ አደርግ ነበር፤ የሚመጣልኝ የነሐሴ ዘፈን ብቻ ነው። መስከረምና ጥቅምት የሰማሁት በሙሉ ጠፍቷል። በስልክ ማስታወሻ መጻፍም ሞክሬያለሁ፤ ስልኬ ተሰርቆ ስምንት ወር ይዞብኝ ሄደ። ደብተር ሌባ አይወስድም። ደግሞ እየነዳችሁ አትጻፉ። አንድ ጊዜ ስጽፍ የፊተኛውን መኪና መከላከያ ነካሁት። ዘፈኑ የሙሉቀን መለሰ ነበር፤ ሰውየው ወርዶ ሊጮህብኝ ሲል ድምፁን ሰማና ቁጣው በግማሽ በረደ። ግማሹን ግን ከፈልኩ።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ሥራ የጀመርኩት በሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ነው፤ ለቀኑ ከዚህ የተሻለ ርዕስ የለም። በዚያው መስከረም ሙላቱ የድሮ ሥራዎቹን እንደገና የተጫወተበት አዲስ አልበም አወጣ። የ2018 ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እሱ ነው የተጻፈው። ቀን አለው፣ ርዕስ አለው፣ ሦስተኛው ረድፍም ተሞልቷል። አራተኛው ላይ ግን እስካሁን ምንም የለም። ከፍቼለት የነበረው ተሳፋሪ መገናኛ ሲደርስ ቶሎ ወረደ።